ሶብር ማለት ዝም ማለት ነውን?

ሰው ሲሞትብን ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው ቃል «ሶብር አድርግ» የሚለው ነው። ቃሉ ታላቅ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣኑ ደጋግሞ ያወሳው፣ ለታጋሾችም ያለ ስፍር ምንዳ ቃል የገባበት ነው። ይሁን እንጂ ታላቅ ቃልም ያለ ቦታው ሲውል ይጎዳል። በብዙዎቻችን አንደበት «ሶብር አድርግ» ማለት «አላህ ያግዝህ፣ እኛም አለንልህ» ማለት መሆኑ እየቀረ «በቃህ፣ አትንገረን» ማለት እየሆነ መጥቷል። ለሐዘንተኛ ሦስት ቀን ይሰጠዋል። በአራተኛው ቀን ፍራሹ ይነሳል፣ ድንኳኑ ይፈርሳል። ከዚያ ወዲያ የሚያዝን ሰው ኢማኑ መመዘን ይጀምራል።

ለመሆኑ ሐዘኑ ከሦስት ቀን አልፎ ሃያ ዓመት የዘለቀበት ሙስሊም ሶብር አጥቷል ማለት ነውን? «ዝም በል» ያለውስ ጎረቤት የወንድምነት ግዴታውን ተወጥቷልን? ይህን ጥያቄ እንዳነሳ ያደረገኝ ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ወደ አሶሳ በሄድኩበት ወቅት ያገኘሁት አንድ የቀድሞ ወታደር ነው። ታሪኩን የምጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው። ስሙንና ሰፈሩን ግን አልጠቅስም።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ወደ ሱዳን ድንበር የተጠጋች፣ ማንጎና ቀርከሃ የሚበዛባት ከተማ ናት። አካባቢው የበርታ ሕዝብ አገር ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ ደግሞ ብዙ ቤተሰቦች በመንግሥት ሰፈራ ከወሎ ወደዚያ መጥተዋል። ጦርነት ለዚች ከተማ እንግዳ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. የኦነግና የሻዕቢያ ተዋጊዎች ይዘዋት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው የደርግ ሠራዊት ሲበተን ብዙ ወታደር ባዶ እጁን ወደየቀዬው ተመልሷል። ያንን ሠራዊት የወጉትም የቤኒሻንጉል ታጋዮች ከጫካ ገብተዋል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተሰለፉ ወጣቶች አሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የነበሩም አሉ። በዚያው ሰሞን በክልሉ መተከል ዞን በደረሰው ግድያና መፈናቀል ሳይሰለፍ ሐዘንተኛ የሆነውማ ብዙ ነው።

እንግዲህ አሶሳ ውስጥ በጁምዓ ቀን በአንድ ሰፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ የሚቆሙት ሰዎች በተለያየ ዘመን፣ አንዳንዴም በተቃራኒ ምሽግ የነበሩ ናቸው። ይህ በራሱ የአላህ ራሕመት ነው። ነገር ግን ከሶላት በኋላ ተቀምጠው ስለየሙታኖቻቸው ሲጨዋወቱ አላየሁም። ስለ ማንጎ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ያወራሉ። ሙታኑ አይነሱም።

ያገኘሁት ሰው የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነው። አሶሳ ሲደርስ ስድስት ዓመቱ እንደነበር ይናገራል። አብሮ አደግ ጓደኛው የበርታ ልጅ ነበር። ቁርኣን የቀሩት አንድ ሼኽ ዘንድ ነው፤ ጦርነቱ ሲነሳም ተያይዘው ተመዘገቡ። መጋቢት 1991 ዓ.ም. በጾረና ግንባር ከባድ ውጊያ በተደረገበት ወቅት ጓደኛው ቆሰለ። ተሸክሞት ጥቂት ከሄደ በኋላ እጁ ላይ ሞተ። ቦታውን ለቀው እንዲወጡ ሲታዘዙ ሬሳውን ይዞ መውጣት አልቻለም። ጓደኛው ከመሞቱ በፊት ግን ለእናቱ የሚደርስ መልእክት ነግሮታል።

ይህ ሰው ከሠራዊቱ ተቀንሶ በ1993 ዓ.ም. አሶሳ ሲመለስ መርዶው ቀድሞት ደርሷል። እናቲቱ ቤት ተዕዚያ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሰው ተበትኗል። እርሱ መልእክቱን ይዞ ሊሄድ ሲነሳ የሰፈር ሽማግሌዎች ከለከሉት። «ሦስቱ ቀን ካለፈ ወራት ተቆጥሯል። የደረቀ ቁስል አትቀስቅስ። ቀደር ነው፣ ሶብር አድርግ» አሉት። በቅን ልቦና ነው ያሉት፤ እርሱም እሺ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእናቲቱ ደጅ የሚያልፈውን መንገድ ትቶ በዙሪያ ነው የሚሄደው። ሃያ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው።

ዛሬ የመጋዘን ዘበኛ ነው። «ዘበኝነት ለኔ የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ሌሊት እንደሆነ አልተኛም» ብሎኝ ስቋል። ሚስትና ልጆች አሉት። ሶላቱን ቤቱ ይሰግዳል፤ ከጀመዓ ግን ርቋል። በአካባቢው «ኢማኑ የደከመ»፣ ሲብስም «ጂን የያዘው» ይባላል። እኔ ደግሞ እንደ ጎረቤቶቹ «ሁሉም በአላህ ውሳኔ ነው እኮ ጋሼ» ብለው እንዲህ መለሰልኝ፦ «ልጄ፣ ቀደር መሆኑን አውቃለሁ። የሞተው በአጀሉ ነው። እሱ ላይ ከጌታዬ ጋር ክርክር የለኝም። የከበደኝ በኔ በኩል የቀረው ነው።»

ስለዚህ መልስ ደጋግሜ አስቤአለሁ። ሰውየው ሁለት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል፤ እኛ ደግሞ ሁለቱን ቀላቅለን እንመክረዋለን። በቀደር ማመን የሆነውን ነገር ያለ ቅሬታ ለመቀበል ነው። ገና ያልተሠራውን ሥራ ግን አይሠራልንም። ጓደኛው መሞቱ የአላህ ውሳኔ ነው። መልእክቱ አለመድረሱ ግን የሰዎች ውሳኔ ነው። ሰዎች ያገዱትን ነገር «ቀደር» ብሎ መሸፈን ቀደርን ያለ አግባብ መጥራት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሦስቱ ቀን እንምጣ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለሞተ ሰው ከሦስት ቀን በላይ ሐዘን መቀመጥን እንደከለከሉ፣ ባሏ ለሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከአሥር ቀን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ድንጋጌ የሚመለከተው ኢሕዳድን ማለትም ጌጥንና ሽቶን መተውን፣ የሐዘን መልክ መያዝን ነው። ልብ በአራተኛው ቀን ማዘን ያቁም የሚል ትእዛዝ የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም፤ አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድምና።

ተዕዚያን በተመለከተም ብዙ ዑለማዎች ከሦስት ቀን በኋላ ማጽናናት የተጠላ ነው ብለዋል። ምክንያታቸውም ሐዘኑን ያድሳል የሚል ነው። ሽማግሌዎቹ የያዙት ይህንን ነው። ሆኖም ሕጉን በግማሽ ነው የያዙት። ኢማም ነወዊ «አል-አዝካር» በተባለው ኪታባቸው ይህንኑ ካሰፈሩ በኋላ፣ አጽናኙ ወይም ሐዘንተኛው በወቅቱ በቦታው ካልነበረና ከሦስት ቀን በኋላ ከተመለሰ ክልከላው እንደማይመለከተው ይገልጻሉ። ሩቅ የነበረ ሰው በመጣ ጊዜ ያጽናናል፤ ይጽናናልም። ምሽግ ውስጥ ከነበረ ወታደር የበለጠ ሩቅ የነበረ ማን አለ? የእርሱ ሦስት ቀን ገና አልተጀመረም እንጂ አላለፈም።

ሁለተኛው ነገር የሐዘን መርዘም ነው። ነቢዩላህ ያዕቁብን (ዐ.ሰ) እናስታውስ። ያማረ ትዕግሥት ምን እንደሆነ የምንማረው ከእርሳቸው ነው። እኒሁ የሶብር አባት ግን በዩሱፍ ሐዘን ለብዙ ዓመታት ከማልቀሳቸው የተነሳ ዓይኖቻቸው ነጥተዋል። አላህም ይህንን ሲነግረን ነቀፋ አላስከተለበትም። የነቀፏቸው ልጆቻቸው ናቸው። ዩሱፍን ማንሳት እስከ መቼ ነው፣ ራስህን ልታጠፋ ነው ወይ የሚል ነበር የወቀሳቸው ይዘት። አንባቢዎቼ ልብ በሉ፦ አባትየውን «በቃህ» የሚሉት ልጆች ዩሱፍን ጉድጓድ የጣሉት እነዚያው ናቸው! የሐዘንተኛን አፍ ለማዘጋት የሚቸኩል ሁሉ ጥፋተኛ ነው አልልም። ነገር ግን ዝምታው የሚጠቅመው ለሐዘንተኛው ነው ወይስ ለእኛ? ብሎ ራስን መጠየቅ ተገቢ ነው። ወጣትን ከበሮ እየመታ የሸኘ ሕዝብ፣ ሲመለስ የሚያወራውን መስማት ቢከብደው አይገርምም።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ተገርመው ሲጠይቋቸው ዕንባው እዝነት መሆኑን አስረድተዋል። በኡሑድ የወደቁትን ሰሓቦቻቸውን ደግሞ ከስምንት ዓመት በኋላ ሄደው ዱዓ እንዳደረጉላቸው በቡኻሪ ሐዲስ ተመዝግቧል። ስምንት ዓመት! መካ ከተከፈተች በኋላ፣ እስልምና ካሸነፈ በኋላ መሆኑ ነው። ድሉ ሙታኑን አላስረሳቸውም።

ሦስተኛው ከጦር ስለተመለሰ ሰው በተለይ የሚያስተምረን የሙእታ ታሪክ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ሦስት ሺህ የሚሆን የሙስሊም ጦር እጅግ ከበዛ የሮማውያን ሠራዊት ጋር ገጠመ። ሦስቱ አዛዦች ዘይድ፣ ጀዕፈርና ዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓ (ረ.ዐ) ተራ በተራ ወደቁ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ የቀረውን ጦር አትርፎ መዲና ሲመለስ አንዳንድ ሰዎች አፈር እየበተኑ «ሸሽታችሁ መጣችሁ» ብለው ተቀበሉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሸሺዎች ሳይሆኑ ተመላሽ ተዋጊዎች ናቸው ብለው ተከላከሉላቸው። ለጀዕፈር ቤተሰብም ጎረቤት ምግብ እንዲሠራ አዘዙ።

የሲራ ጸሐፊው ኢብኑ ኢስሐቅ ከዚህ ጋር አያይዘው ስለ ሰለማ ኢብኑ ሂሻም ያወራሉ። ይህ ሰሓባ ከሙእታ ከተመለሰ በኋላ በመስጊድ አልታይ አለ። የነቢዩ ባለቤት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ሚስቱን ስለ መቅረቱ ጠየቋት። በወጣ ቁጥር ሰዎች «ሸሺ» እያሉ ስለሚጮሁበት ከቤት መውጣት እንዳቃተው ነገረቻቸው። እንግዲህ ከጦር ተመልሶ ከጀመዓ የራቀ ሰው በነቢዩ ከተማ፣ በነቢዩ ዘመንም ነበር። ኡሙ ሰለማ «ኢማኑ ደክሟል» አላሉም፤ ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁ እንጂ። የአሶሳውን ሰው በእነዚህ ሁሉ ዓመታት «ለምን ቀረህ?» ብሎ የጠየቀው ስንት ሰው ነው?

ከእኛ ውጭ ያለው ዓለምም ወደዚሁ እየመጣ ነው። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ለብዙ ዓመታት ያከመው አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጆናታን ሼይ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ወታደሩን ከሚያቆስሉት ነገሮች አንዱ ጓደኛው ሲሞት ከሌሎች ጋር ሆኖ በወጉ የማልቀስ ዕድል ማጣቱ መሆኑን ይተነትናል። ለተገደለ ጓደኛ በጋራ ማልቀስ ድክመት ሳይሆን ወታደሩን ወደ ሰውነቱ የሚመልስ ነገር ነው ይላል። እኛ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት በእጃችን አለ። ተዕዚያ ይባላል።

የሰውየው ሐዘን ለጓደኛው ብቻም አይደለም። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች አስመራ ላይ ተቃቅፈው ጦርነቱ ማብቃቱን ሲያውጁ በቴሌቪዥን እንዳየ ነግሮኛል። «ደስ አለኝ፤ አለቀስኩም» አለ። ቀጥሎ፣ «እነዚያ የተኮስንባቸውም እናት አላቸው። ለእኛም ለእነሱም ያዘነ ግን አላየሁም» አለኝ። በዚያ ጦርነት ያለቀው የሁለቱም ወገን ወጣት ብዙ ጊዜ ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገመታል። ሰላሙ መልካም ነው። ሰላም ግን ሐዘንን አይሰርዝም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎታቸውን ሐምዛን የገደለውን ወሕሺን እስልምናን ሲቀበል ተቀብለውታል፤ ደሙን አልጠየቁም። ነገር ግን ፊቱን እንዳያሳያቸው ለምነውታል። ይቅርታው ሙሉ ነበር፤ ሐዘኑም ሙሉ ነበር። ከፍጡር ሁሉ በላጭ በሆኑት ሰው ልብ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። ታዲያ አንድ ተራ ወታደር ታርቀናልና እርሳው ሲባል እንዴት ይችላል?

እዚህ ላይ የሚነሱትን መቃወሚያዎች አልዘልም። «ሐዘን ሲበዛ ሰውን ከዲንና ከቤተሰብ ያርቃል» ይባላል። እውነት ነው። ልቅሶን በሙሾ፣ ደረት በመድቃት፣ በአላህ ላይ በማማረር መግለጽ ሐራም ነው፤ ይህንን ማንም አያላላውም። እንቅልፍ የነሳና ዓመታት የቆየ ሐዘንም ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመም ከሆነ መታከም ሱና ነው። ለእግሩ ቁስል ሐኪም ዘንድ የሄደ ወታደር ለአእምሮው ሲሄድ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ነገር ግን «ሐዘኑ ከጀመዓ አራቀው» ከማለታችን በፊት ጀመዓው ከሐዘኑ እንዳራቀው እንይ።

ሌላው መቃወሚያ የእናቲቱ ጉዳይ ነው። «አሮጊቷን ለምን ያሳምሟታል?» ይላሉ። ይህ ከሁሉም የበለጠ ያሳሰበኝ ነጥብ ነበር። በሰፈሩ ጎረቤታቸው የሆነች አንዲት ሴት ግን እናቲቱ በየዒዱ የሚያነሱትን ነገረችኝ። «ያ ጓደኛው በሕይወት ተመልሷል አሉኝ። ምነው ልጁ እኔን ማየት ጠላኝ?» ይላሉ አለች። ሽማግሌዎቹ ቁስሉን ከሁለት ወገን የሸፈኑ መስሏቸው ሁለት ቁስል አድርገውታል። እርሱ እርሳቸውን ላለማሳመም በዙሪያ ይሄዳል፤ እርሳቸው የተጠሉ መስሏቸው ይጠብቃሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አማና አለ። የሚሞት ሰው አደራ የሰጠው ቃል ለባለቤቱ መድረስ ያለበት አማና ነው፤ አላህም አማናን ለባለቤቶቹ እንድናደርስ አዞናል። ሽማግሌ ይቅርብህ ስላለ አማና አይወርድም። መልእክቱ ምን እንደሆነ ሰውየው ነግሮኛል። እዚህ አልጽፈውም። ከእናቲቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንባቢ የለምና።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ መልስ ልምጣ። ሶብር ማለት ዝም ማለት አይደለም። ሶብር ሕመሙን ተሸክሞ፣ በጌታው ላይ ሳያማርር፣ የቀረበትን ግዴታ እየተወጡ መኖር ነው። ሶብር ሐዘንተኛው በራሱ ላይ የሚያደርገው ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው አፉን ይዞ የሚጭንበት አይደለም። ለሐዘንተኛው ሶብርን የምንመኝ ከሆነ ከሸክሙ አንዱን ጫፍ መያዝ የእኛ ድርሻ ነው።

ለአሶሳ ወንድሞቼም ለሌላውም የማቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። በየመስጊዱ ኢማሞች በኹጥባቸው የሦስቱን ቀን ሕግ ከነሙሉ ትርጉሙ ያስተምሩ። ጀናዛቸው ሳይመጣ በየግንባሩ ለቀሩ ሙስሊሞች በስማቸው ዱዓ ይደረግ። ከጦር የተመለሰ ሰው ከጀመዓ ሲቀር፣ የትኛውም ሠራዊት ውስጥ የነበረ ቢሆን፣ ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቀው። ሄዶ ሲጠይቀውም ምክር ይዞ ሳይሆን ጆሮ ይዞ ይሂድ። መድኃኒት የሚያስፈልገውን ወደ ሐኪም ይሸኘው።

ያ ሰው ብቻውን ወደ እናቲቱ ደጅ መሄድ አልቻለም። ብቻውን እንዲሄድ መጠበቅም አይገባም። ያን ጊዜ የከለከሉት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ዛሬም በሕይወት አሉ። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ እጁን ይዘው አብረውት ቢሄዱ፣ በሩን አንኳኩተው ሰላምታ ቢያቀርቡና «አደራ አለብን፤ ዘግይተናል» ቢሉ፣ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል፤ ምንዳውም ከአላህ ነው። እናቲቱ አርጅተዋል። ይህ ሥራ ለከርሞ የሚባል አይደለም።

አላህ ለሞቱት ይዘንላቸው፣ ለቀሩት እውነተኛውን ሶብር ይስጣቸው። ወላሁ አዕለም።